ትንንሽ እንቁላል ለምታስፈለፍይው ልጄ

ልጄ፣ ባንታም የምትባለዋን የትንሿን ዶሮ እንቁላል አግኝተሽ ማስፈልፈያ ማሽን መግዛትሽን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ልብሽ ቅን ነው፣ እጅሽም ለሥራ አይሰንፍም። ግን አንዱን ጀምረሽ ዓይንሽን ወደ ሌላው ማዞር ትወጃለሽ፤ ትልቅ እንቁላል ይህን አንዳንዴ ይችልልሻል፣ ትንሽ እንቁላል ግን አይችልም። የፈረንጅ ዶሮ እንቁላል ወደ 60 ግራም ይመዝናል፤ የባንታም ከ30 እስከ 40 ነው፤ ሴራማ የምትባለው የማሌዥያ ዘር ደግሞ 25 ግራም ገደማ ብትጥል ነው። ማሽኑም፣ አብሮት የመጣው መመሪያም ለትልቁ የተሰላ ነው። ስለዚህ ከማሽኑ ይልቅ እንቁላሉን እያየሽ ሥሪ።

1. እንቁላሉን አታጥቢው፣ ብዙም አታቆዪው። ቅርፊቱ ላይ ዓይን የማያየው ስስ ሽፋን አለ፤ ጀርም የሚከለክለው እሱ ነው። ኩስ የበዛበትን ለማስፈልፈል አትምረጪው። የተመረጠውን ሹል ጫፉን ወደ ታች አድርገሽ 15 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጪ፤ ፍሪጅ አይሆንም። ከሳምንት ካለፈ ተስፋው እየመነመነ ይሄዳል። በመኪና ተንገላቶ የመጣ ከሆነ ማሽን ውስጥ ከማስገባትሽ በፊት አንድ ሙሉ ቀን አሳርፊው።

2. ማሽኑ የሚያሳይሽን ቁጥር ሳታጣሪ አታምኚው። ባዶውን አንድ ቀን አስነሺውና በሌላ ቴርሞሜትር አመሳክሪ። ማራገቢያ ካለው 37.5 ዲግሪ ነው የሚፈለገው። ማራገቢያ ከሌለው ሙቀቱ ከላይ ይበዛል፣ ከታች ያንሳል፤ ስለዚህ ቴርሞሜትሩን በእንቁላሉ አናት ልክ አድርገሽ 38.5 አካባቢ ጠብቂ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ትልቅና ትንሽ እንቁላል ጎን ለጎን ሲተኛ የትንሿ አናት ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ ትልቁ ሲሞቀው እሷን ይበርዳታል። እንዲህ ባለ ማሽን ውስጥ አትቀላቅያቸው። የእርጥበት መለኪያውንም ፈትኚው፦ የገበታ ጨው በጥቂት ውሃ አርሰሽ፣ ሳይሟሟ የሚተርፍ ጨው እያለ፣ በሚገጥም ዕቃ ውስጥ ከመለኪያው ጋር ዝጊበት። አሳድረሽ ስታዪው 75 በመቶ ማለት አለበት። 70 ካለ፣ ሁልጊዜ 5 እያጎደለ እንደሚነግርሽ እወቂ።

3. ውሃውን በሚዛን ተከታተይ። ከሁሉ አጥብቄ የምነግርሽ ይህን ነው። እንቁላል እስኪፈለፈል ድረስ በቅርፊቱ ቀዳዳዎች ውሃ እየተነፈሰ ይቀላል፤ በሰፊው ጫፍ ያለው የአየር ክፍልም እየሰፋ ይሄዳል። ሊፈለፈል ሦስት ቀን ሲቀረው ከመጀመሪያ ክብደቱ ከ12 እስከ 14 በመቶ ቢያጣ መልካም ነው። ብዙ ካጣ ጫጩቱ ቅርፊቱ ውስጥ ይደርቃል፤ ትንሽ ካጣ ደግሞ አየር የሚስብበት ቦታ ጠቦት ታፍኖ ይሞታል። ትንሽ እንቁላል በውስጡ ካለው ፈሳሽ አንፃር ቅርፊቱ ሰፊ ነውና ቶሎ ይደርቃል። የወጥ ቤት ሚዛን ለአንድ ትንሽ እንቁላል አያገለግልሽም፤ የወርቅ ሚዛን ፈልጊ፣ ካጣሽ አሥሩን አንድ ላይ መዝኚ። 350 ግራም የነበሩት 305 አካባቢ ሲደርሱ ልክ ነሽ። የአዲስ አበባ ልጅ ስለሆንሽ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምርልሽ፦ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው የምትኖሪው። አየሩ ስስ ነው፤ እንቁላል ቆላ ካለው ይልቅ ቶሎ ይደርቃል፣ ለሽሉ የሚደርሰው ኦክስጅንም ያንሳል። እርጥበት አቆያለሁ ብለሽ የአየር ቀዳዳውን አትድፈኚ። ውሃው የሚቀመጥበትን ዕቃ ሰፋ አድርጊው፤ ጥልቀት አይረዳሽም፣ ስፋት ነው የሚረዳሽ። ለመነሻ እርጥበቱን 50 በመቶ ላይ አቁሚው፣ ከዚያ ሚዛኑ የሚልሽን ስሚ።

4. በቀን ቢያንስ ሦስት ጊዜ አዙሪ። ሳይዞር የከረመ ሽል ከቅርፊቱ ሽፋን ጋር ይጣበቃል። ማሽኔ ራሱ ያዞራል ብለሽም አትተኚ፤ ትሪው ለትልቅ እንቁላል የተሠራ ስለሆነ ትንሿ ጉድጓዱ ውስጥ ትላወሳለች፣ ትሪው ሲያዘነብልም አብራው አታዘነብልም። የድርጭት እንቁላል ትሪ ካገኘሽ እሱን ተጠቀሚ። በእጅሽ ከሆነ በአንዱ ጎን በእርሳስ ምልክት አድርጊ። በቀን የምታዞሪበት ቁጥር ጎዶሎ ይሁን፤ ሌሊቱን ሁልጊዜ በአንድ ጎን እንዳታድር።

5. መብራት ሲጠፋ ክዳኑን አትክፈቺ። ቀዳዳውን ሳትሸፍኚ ጋቢ ደርቢበት። ሲመጣ ደግሞ ላካክስ ብለሽ ሙቀት አትጨምሪ። ብርድ ሽሉን ያዘገየዋል፣ ትኩሳት ግን ይገድለዋል።

6. በሰባተኛው ቀን በጨለማ ክፍል ውስጥ በስልክሽ መብራት እያንዳንዱን እዪ። ደህና እንቁላል ውስጥ እንደ ሸረሪት እግር ከአንድ ጥቁር ነጥብ የተዘረጉ ደም ሥሮች ይታያሉ። ጥርት ብሎ ባዶ የሆነው አውራ አልነካውም። የደም ቀለበት ብቻ የሚታይበት ሞቷል፤ ሳታመነቺ አውጪው፣ ገምቶ ሊፈነዳ ይችላል።

7. ብዙ እንቁላል ከሞተብሽ ወላጆቹንም ጠይቂ። ቻቦ የምትባለው የጃፓን ዘር አጭር እግሯ ያምራል፤ ግን እግር የሚያሳጥረውን ባሕርይ ከአባትም ከእናትም የወረሰ ሽል ገና በመጀመሪያው ሳምንት ይሞታል። ሁለት አጭር እግር ያላቸው ከተጣመሩ ከአራት አንዱ እንዲህ ይጠፋል፤ ማሽን የሚያድነው አይደለም። አንዱ ወላጅ ረጅም እግር ይሁን፤ ግማሾቹ ጫጩቶች አሁንም አጭር እግር ሆነው ይወጣሉ። ትንንሽ ዘር የያዘ ሰው ብዙ ጊዜ እህትና ወንድም ያራባል፤ ይህም የመፈልፈል አቅምን ያደክማል።

8. 21 ቀን እያልሽ አትቁጠሪ። ባንታም በ19 ወይም በ20 ቀን ይወጣል፤ ሴራማ አንዳንዴ በ18። መመሪያው በ18ኛው ቀን ማዞር አቁሚ ሲልሽ የአንቺ ጫጩት ቅርፊቱን መምታት ጀምሮ ይሆናል። በ16ኛው ቀን ማዞር አቁሚ፣ እርጥበቱንም ከ65 እስከ 70 በመቶ አድርሺ።

9. ሲወጣ አትርጂው። ይህ እንደሚከብድሽ አውቃለሁ፤ ርኅሩኅ ነሽ። መጀመሪያ ሰፊው ጫፍ ላይ ትንሽ ስንጥቅ ታያለሽ፣ ጭጭታም ትሰሚያለሽ፤ ከዚያ ዝም ይላል። ሰዓታት ያልፋሉ። አንቺ ደከመ ትያለሽ፤ እሱ ግን ሥራ ላይ ነው፦ የሽፋኑን ደም ወደ ሰውነቱ እየመለሰ፣ የተረፈውን አስኳል ወደ ሆዱ እየሳበ ነው። ከስንጥቁ እስከ መውጣቱ 24 ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ቅርፊቱን ቀድመሽ ከላጥሽው ደም ሥሩ ይበጠሳል፣ ያልገባ አስኳል ይዞ ይወጣል። ክዳኑን በከፈትሽ ቁጥርም እርጥበቱ ይወርዳል፤ ጎረቤቱ ያለው ጫጩት ሽፋኑ ላዩ ላይ ይደርቅበትና መዞር ያቅተዋል። ቀድመው የወጡት ይርባቸዋል ብለሽም አትጨነቂ፤ ሆዳቸው የገባው አስኳል አንድ ሁለት ቀን ያቆያቸዋል።

10. የደረቁትን 35 ዲግሪ ወደሚሞቅ ሳጥን አዛውሪ፤ በየሳምንቱ ሦስት ሦስት ዲግሪ ቀንሺላቸው። ሳጥኑን በእጅሽ ዳብሺው፤ ጣትሽ የሚያልፍበት ቀዳዳ እነሱንም ያሳልፋል። መጠጫቸው ውስጥ ጠጠር ደርድሪበት፣ ውሃው በጠጠሮቹ መሀል ብቻ ይታይ። የባንታም ጫጩት ለትልቅ ጫጩት በተሠራ መጠጫ ውስጥ ትሰጥማለች።