ሄድፎን ስንመርጥ ምን እንመልከት?

ለሙዚቃም ለኮምፒውተር ጨዋታም የሚሆን፣ ዋጋው መካከለኛ የሆነ ሄድፎን ስንሻ በካርቶኑ ላይ «ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ» የሚል ጽሑፍ እናገኛለን። ይህ የጤናማ ወጣት ጆሮ የመስማት ወሰን ነው፤ ድምፁ በዚህ ወሰን ውስጥ የተመጣጠነ መሆኑን ግን አይነግረንም።

ይልቁንስ ኢምፒዳንሱን እንመልከት። ኃይል የቮልቴጅ ካሬ ለኢምፒዳንስ ሲካፈል የሚገኝ በመሆኑ፣ 1 ቮልት የሚሰጥ መሣሪያ ለ32 ኦም ሄድፎን 31 ሚሊዋት ገደማ፣ ለ300 ኦም ግን 3.3 ሚሊዋት ብቻ ያቀብላል። በአንድ ሚሊዋት የሚሰጡት ድምፅ እኩል ከሆነ፣ ማጉያ ለሌለው ተማሪ የሚሻለው የመጀመሪያው ነው።

በጨዋታ ውስጥ የድምፅን አቅጣጫ በይበልጥ የምንለየው ድምፁ ሁለቱ ጆሮዎቻችን ዘንድ በሚደርስበት የጊዜና የጥንካሬ ልዩነት ነው፤ የጊዜው ልዩነት ቢበዛ 0.7 ሚሊሰከንድ ያህል ነው። ለዚህ ጥሩ ስቴሪዮ ይበቃል፤ «7.1» የሚለው ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ የሶፍትዌር ስሌትን ያመለክታል።

ጫጫታ በበዛበት መኝታ ክፍል ጀርባው ዝግ የሆነውን እንምረጥ፤ ክፍቱ ጫጫታውን ስለሚያስገባ ድምፁን እንድንጨምር ይገፋፋናል። በ85 ዴሲቤል በቀን እስከ 8 ሰዓት ማዳመጥ ይቻላል ቢባል፣ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ስለሚቀንስ በ94 ዴሲቤል የሚፈቀደው 1 ሰዓት ብቻ ይሆናል። ሄድፎን ቢበላሽ ይለወጣል፤ የውስጠኛው ጆሮ የመስሚያ ሴሎች ግን አንዴ ከሞቱ አይተኩም።