ለእጅ የትኛው ሳሙና? ለዕቃስ?

አንዲት እናት ገርጂ ውስጥ ከአንድ ሱቅ ደጃፍ ቆመው ገንዘባቸውን ሲቆጥሩ አየናቸው። አንዱ ሳሙና ላይ «ጀርም ገዳይ» ተብሎ ተጽፏል። እናቲቱ ፊደል ቆጥረዋልና አነበቡት። ገንዘቡ አልበቃ ሲላቸው «ርካሹማ ምን ሊሠራ!» ብለው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ያን ቀን ልጆቻቸው ምሳ የበሉት እጃቸውን በውሃ ብቻ ተለቃልቀው ነው።

እውነት ርካሹ አይሠራምን? ይሠራል እንጂ!

በእጃችን ላይ ያለው እድፍ ቅባት አለው። ተቅማጥ የሚያመጡ ጀርሞችም ከእድፉና ከቅባቱ ጋር ይጣበቃሉ። ውሃ ብቻውን ቅባትን አያስለቅቅም። ሳሙና ግን በአንድ ወገን ቅባቱን፣ በሌላ ወገን ውሃውን ይይዛል። እጃችንን ስናሽ ጀርሞቹ ተላቀው ከውሃው ጋር ይሄዳሉ። ይህን ሥራ ርካሹም ሳሙና ይሠራዋል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2016 «ጀርም ገዳይ» በሚባሉ የእጅ ሳሙናዎች ውስጥ የሚጨመሩ 19 ቅመሞችን አግዷል። አምራቾቹ ከተራው ሳሙና እንደሚበልጡ ማስረጃ አላቀረቡምና ነው።

እንግዲህ ሳሙና ስንገዛ ሥራውን እንይ።

1. ለእጅ፦ ማንኛውም የገላ ሳሙና ይሆናል። እሱ ከጠፋ የልብስ ደረቅ ሳሙናም ያጸዳል፤ ቆዳ ግን ያደርቃል። የዱቄት ሳሙና ከዚያ ይብሳል፤ ቆዳ ይልጣል።

2. ለሳህን፣ ለብርጭቆና ለብረት ድስት፦ ላርጎ የምንለው ፈሳሽ ሳሙና ቅባትን ቶሎ ያስለቅቃል። ጥቂት ጠብታ ይበቃል። ከዚያ ደህና አድርጎ ማለቅለቅ ነው።

3. ለሸክላ ድስት፦ ሸክላ ሳሙናውን ይመጥና መልሶ ወጡ ላይ ይተፋዋል። ስለዚህ በሙቅ ውሃ ፈትጎ ማጠብ ይሻላል።

4. በረኪና የእጅ ሳሙና አይደለም። ከሌላ ማጽጃ ጋርም አይቀላቀልም፤ መርዘኛ ጋዝ ሊያወጣ ይችላል።

«ውሃው ከየት ይምጣ?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ በአያትና በሰሚት ኮንዶሚኒየሞች ውሃ በተራ ሲመጣ በጀሪካን ይጠራቀማል። ግን ለቁጠባ ተብሎ ሁሉም እጁን በአንድ ሳፋ ከነከረ፣ የአንዱ እድፍ ለሌላው ይተርፋል። ከእናቶቻችን የወረስነው ማስታጠቢያ ይሻላል፤ ውሃው በጥቂቱ ከላይ ይፈሳል፣ እድፉ ከታች ይቀራል። ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ሳሙናው ነው። እጅን ማርጠብ፣ ውሃውን ማቆም፣ ሳሙና ይዞ መዳፍን፣ የጣቶችን መሃልና ጥፍርን 20 ሴኮንድ ያህል ማሸት፣ ከዚያ ማስፈሰስ። ከመጸዳጃ ቤት መልስ፣ ሕፃን ካጸዳን በኋላ፣ ምግብ ከመሥራታችንና ከመብላታችን በፊት እንዲህ እናድርግ።

ማንበብ ችለናል። ማንበብ ግን የተጻፈውን ሁሉ ማመን አይደለም፤ መመርመርም ነው። ውድ ሳሙና ባይኖር ርካሹ ከማስታጠቢያው አጠገብ አይጥፋ።

ጥያቄዎች

ሀ. እናቲቱ ባዶ እጃቸውን ለምን ተመለሱ? እናንተ ብትሆኑ ምን ትገዙ ነበር?
ለ. የሸክላ ድስት በሳሙና የማይታጠበው ለምንድን ነው?
ሐ. በቤታችሁ ከማስታጠቢያው አጠገብ ሳሙና አለ?