ስድስት ቀዳዳ ያለው ድንጋይ

በእንግሊዝ አገር፥ ደርቢሻየር በሚባለው አውራጃ፥ ኢም የምትባል ትንሽ መንደር በኮረብቶች መካከል ተቀምጣለች። ከመንደሪቱ ውጭ በመስክ ላይ ስድስት ቀዳዳዎች የተቈፈሩበት አንድ ድንጋይ ይገኛል። ታሪኩን የማያውቅ መንገደኛ አይቶት ዝም ብሎ ያልፋል፤ የሚያውቅ ግን ቆሞ ያስባል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1665 ዓመት በለንደን ከተማ ታላቅ ቸነፈር ገብቶ ብዙ ሕዝብ ይሞት ነበር። በዚያው ዓመት በኢም ለሚኖር አንድ ልብስ ሰፊ ከለንደን የጨርቅ እሥር መጣለት። ጨርቁም እርጥብ ስለ ነበረ ጆርጅ ቪከርስ የሚባል ሠራተኛ እንዲደርቅ ብሎ በእሳት አጠገብ ዘረጋው። በጨርቁ ውስጥ በሽታውን የሚያጋቡ ቁንጫዎች እንደ ነበሩ ዛሬ ይታመናል፤ በዚያ ዘመን ግን ይህን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ብዙ ቀን ሳይቈይ ቪከርስ ሞተ፤ ከእርሱም በኋላ ጎረቤቶቹ ይታመሙና ይሞቱ ጀመር።

በ1666 ዓመት በሰኔ ወር በሽታው በበረታ ጊዜ ብዙዎች ለመሸሽ አሰቡ። የመንደሪቱ ቄስ ዊልያም ሞምፐሰንና ከእርሳቸው በፊት በዚያ ያገለግሉ የነበሩት ቶማስ ስታንሊ ግን ሕዝቡን ሰብስበው፥ የሚሸሽ ሰው ሞትን ይዞ ወደ ሌላው መንደር እንደሚገባ አስረዱ። ሕዝቡም ምክራቸውን ሰምቶ ከመንደሪቱ ወሰን ላለመውጣት ተስማማ።

ነገር ግን ተዘግቶ የተቀመጠ ሰው ምን ይበላል? በአቅራቢያው የሚኖረው የዴቮንሻየር ኧርል ምግብ ይልክላቸው ነበር። የጎረቤት መንደር ሰዎችም እህሉን በወሰኑ ድንጋይ አጠገብ አስቀምጠው ይመለሳሉ፤ እነርሱ ከሄዱ በኋላ የኢም ሰዎች መጥተው ይወስዳሉ። ዋጋውንም በድንጋዩ ቀዳዳዎች ሆምጣጤ አፍስሰው በዚያ ውስጥ ያኖሩት ነበር፤ ሆምጣጤ በሽታውን ከገንዘቡ ላይ ያጠፋል ብለው ያምኑ ነበርና። ጸሎታቸውንም በቤተ ክርስቲያን ውስጥ መሆኑ ቀርቶ በሜዳ፥ ቤተ ሰብ ከቤተ ሰብ ተራርቆ እየቆመ ያደርሱ ነበር።

ኤልሳቤጥ ሃንኮክ የምትባል ሴት በስምንት ቀን ውስጥ ባልዋንና ስድስት ልጆችዋን በገዛ እጅዋ ቀበረች። የቄስ ሞምፐሰን ሚስት ካትሪንም በነሐሴ ወር ሞተች። ከጥቂት ወራት በኋላ ቸነፈሩ ባቆመ ጊዜ የሞቱት ሰዎች 260 ያህል ሆነው ተገኙ። በዙሪያው ያሉት መንደሮች ግን ተረፉ።

ልጆች ሆይ፥ እነዚህ ሰዎች ጋሻና ጦር አልያዙም፤ ንጉሥም አላዘዛቸውም። መንገዱ በፊታቸው ክፍት ሆኖ ሳለ፥ ስማቸውን እንኳ ለማያውቁት ሰዎች ሲሉ በራሳቸው ላይ ዘጉት። ጎረቤትን መውደድ አንዳንድ ጊዜ ወደ እርሱ መሄድ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ስለ እርሱ ብሎ ባሉበት መቅረት ነው። እናንተም የሚተላለፍ በሽታ ይዞአችሁ ከጨዋታ በቀራችሁ ጊዜ፥ በቤት መቀመጥ በከበዳችሁ ጊዜ፥ ስድስት ቀዳዳ ያለውን ድንጋይ አስቡ።