ማንበብና መታዘዝ፦ የኮምፒውተር ክበባችን የዓመቱ ትምህርት



ብዙዎቻችን ወላጆች ባደግንበት ዘመን ለመንደሩ ደብዳቤ የሚያነበው ተማሪው ልጅ ነበር። ወረቀቱን ይከፍታል፣ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሥራው እዚያ ላይ ያበቃል። ይህ ልጅ «ሳጥኑን ክፈትና ገንዘቡን ደብዳቤውን ላመጣው ሰው ስጥ» የሚል መስመር ቢያጋጥመውና ያነበበውን ሁሉ እንደ ትእዛዝ ቢፈጽም ምን ይሆናል? ክሮስ ሳይት ስክሪፕቲንግ የሚባለው የድረ ገጽ ክፍተት እንዲሁ ነው፤ ኮምፒውተሩ ማሳየት ብቻ የሚገባውን ጽሑፍ ይታዘዛል።

ዘንድሮ ነገሩ ቤታችን ገባ። ክበባችን ወላጆች የልጆቻቸውን መቅረት የሚያሳውቁበት ቅጽ ለድረ ገጻችን ሠርቶ ነበር። ሥራ ላይ ሊውል ጥቂት ቀናት ሲቀሩት አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ በስም መጻፊያው ላይ በስም ፋንታ አጭር የጃቫስክሪፕት መስመር ጻፈች። መዝገቡ በጽሕፈት ቤት ሲከፈት «ሰላም» የምትል ትንሽ መስኮት ብቅ አለች። ጉዳት አልደረሰም፤ ነገር ግን በሰላምታው ቦታ ስርቆት ሊጻፍ ይችል ነበር።

ምክንያቱ ይህ ነው። ብራውዘር በገጹ ላይ ያገኘውን ሁሉ የድረ ገጹ ባለቤት እንደጻፈው ይቆጥረዋል። ጽሑፍን ከትእዛዝ የሚለዩለት ጥቂት ምልክቶች ናቸው፤ ዋናዋ በሒሳብ «ያንሳል» የምንላት ምልክት ናት። እንግዳ ሰው የጻፋት ምልክት እንዳለች ወደ ገጹ ከገባች፣ ቀጥሎ ያለው ቃል እንደ ፕሮግራም ይሠራል። በዚያን ጊዜ ተጠቃሚው በይለፍ ቃሉ መግባቱን የምታረጋግጠው ኩኪ ልትሰረቅ፣ በመምህሩ ስም የተማሪ ውጤት ሊቀየር ይችላል። ተንኮሉ በዳታቤዝ ተቀምጦ ገጹን የሚከፍተውን ሁሉ ሊጠብቅ፣ በተላከ ሊንክ ውስጥ ተደብቆ ሊመጣ፣ ወይም በብራውዘሩ ውስጥ ከሚሠራው የገጹ ኮድ ስሕተት ሊነሣ ይችላል።

የታወቀ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2005 ሳሚ ካምካር የተባለ የ19 ዓመት አሜሪካዊ ወጣት በማይስፔስ ላይ ባለው የግል ገጹ ስክሪፕት ደበቀ። ገጹን ያየ ሁሉ ሳያውቅ ለሳሚ የጓደኝነት ጥያቄ ይልካል፤ ስክሪፕቱም ራሱን በተመልካቹ ገጽ ላይ ይገለብጣል። በ20 ሰዓት ገደማ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች ዘንድ ደረሰ። ማይስፔስ «ጃቫስክሪፕት» የሚለውን ቃል ይከለክል ነበር፤ ሳሚ ግን ቃሉን በሁለት መስመር ከፍሎ ጻፈውና አለፈ። ስለዚህ ክፉ ቃላትን እየለቀሙ መከልከል አያዛልቅም።

ክበባችን ያደረገው የሚከተለውን ነው።

1. ከሰው የመጣ ጽሑፍ በገጹ ላይ ከመታየቱ በፊት ልዩ ምልክቶቹ ወደ ተራ ፊደልነት ይለወጣሉ። ዋናው መድኃኒት ይህ ነው።

2. በየሳጥኑ የሚፈቀደው አስቀድሞ ይወሰናል፤ በስልክ ቁጥር ቦታ ከአኃዝ በቀር አይገባም።

3. ኩኪው በጃቫስክሪፕት እንዳይነበብ ተቆለፈ። ይህ መለያውን ከስርቆት ያድናል፤ ሌላውን ጥፋት ግን ብቻውን አይከለክልም።

4. ብራውዘሩ ከፈቀድንለት ቦታ ያልመጣ ስክሪፕት እንዳያስኬድ በይዘት ደኅንነት ፖሊሲ ታዘዘ። የፊተኛው አጥር ቢፈርስ ሁለተኛ አጥር ይሆናል።

አንድ ጉዳይ ግን ከኮዱ ይልቅ አስጨነቀን። በመምህራን ስብሰባ «ተማሪዋ ትቀጣ» ያሉ ነበሩ፤ ፈቃድ አልጠየቀችምና ነገራቸው ከንቱ አልነበረም። ሳሚም እ.ኤ.አ. በ2007 ጥፋተኛ ነኝ ብሎ፣ ለሦስት ዓመት በገደብ እንዲቆይና 90 ቀናት የማኅበረሰብ አገልግሎት እንዲሰጥ ተፈርዶበታል። የእኛዋ ልጅ ግን በዚያው ቀን በራሷ እግር መጥታ ነገረችን። ብንቀጣት፣ ነገ ሌላ ክፍተት የሚያይ ልጅ ዝም ማለትን እንደሚማር ተረዳን። ስለዚህ ሁለት ነገር ወሰንን። ሙከራ ከእንግዲህ በመለማመጃ ገጽ ላይና በመምህር ፈቃድ ብቻ ይሆናል፤ የጥገናውን ሥራ ደግሞ እርሷ ትመራለች።

ሥራው ሲያልቅ ያችኑ መስመር እንደገና ጻፈች። በዚህ ጊዜ መስኮት አልወጣም፤ መስመሯ እንደ ማንኛውም ጽሑፍ በስሙ ቦታ ቁጭ ብላ ታየች። ቅጹም በማግሥቱ ለወላጆች ተከፈተ።

ልጆቻችን፣ ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ክፍተት ስታዩ ኑና ንገሩን፤ በራችን ክፍት ነው።