ተምሮ ማስመስከር፦ ለክላውድ ኮምፒውቲንግ የሙያ ፈተና ዝግጅትና የሰበካ ጉባኤ ድርሻ

በአብነት ትምህርት ቤት ሥርዓታችን ተማሪ ትምህርቱን ስለ ፈጸመ ብቻ መምህር አይባልም። ድጓ የተማረ ወደ ቤተ ልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት የተማረ ወደ ዙር አባ ይሄዳል፤ በዚያ ካሉ መምህራን ዘንድ ቀለሙን አጽንቶ ያስመሰክራል። ምስክሩን ይዞ ሲመለስ ያላሳደገው አጥቢያ እንኳ አምኖ ወንበር ይሰጠዋል። የምስክር ጥቅሙ ይህ ነው፤ የማያውቅህ ሰው እንዲያምንህ ያደርጋል።

በዚህ ዘመን በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ያሉ ወጣቶቻችን ሌላ ዓይነት ምስክር መፈለግ ጀምረዋል። ከመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ከሌላ ተቋም በኮምፒውተር ትምህርት ተመርቀው ወደ ቤተሰቦቻቸው የተመለሱ አሉ። ከእነርሱ አንዳንዶቹ «የክላውድ ፈተና ልንፈተን ነውና የፈተናውን ዋጋ አግዙን» ብለው ወደ ሰበካ ጉባኤያት ይመጣሉ። የጉባኤ አባላትም ከቦረና፣ ከአማራ ሳይንትና ከለጋምቦ እየመጡ ይጠይቁናል፦ «ይህ ፈተና ምንድን ነው? የምእመናንን ገንዘብ ልናወጣበት ይገባልን?» ይህ ጽሑፍ ለዚህ ጥያቄ የተዘጋጀ የጥናት ትምህርት ነው።

፩. ክላውድ ማለት ምንድን ነው?

ቃሉ «ደመና» ማለት ነው፤ ስሙ ያስደንግጣል እንጂ ሐሳቡ ቀላል ነው። አንድ መሥሪያ ቤት የራሱን ሰርቨር ገዝቶ፣ ክፍል ሠርቶ፣ ጄኔሬተር ተክሎ ከሚቸገር ይልቅ የሌላ ድርጅት ኮምፒውተሮችን በኢንተርኔት ተከራይቶ በተጠቀመበት መጠን ይከፍላል። አማዞን ይህን አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2006 ለሕዝብ ማቅረብ ጀመረ፤ ማይክሮሶፍትና ጉግል ተከተሉት። በአገራችንም ኢትዮ ቴሌኮም የክላውድ አገልግሎት ይሰጣል። በፈተናው ውስጥ ደጋግመው የሚመጡት ሦስት ሐሳቦች በእኛ ኑሮ ምሳሌ አላቸው።

የመጀመሪያው እንደ አስፈላጊነቱ መስፋትና መጥበብ ነው። መስከረም 21 ቀን በግሸን ማርያም የሚሰበሰበውን ሕዝብ አስቡ። ለዚያ አንድ ቀን ሲባል ዓመቱን ሙሉ ባዶ የሚቆም አዳራሽ የሚሠራ የለም፤ ድንኳን ተተክሎ ይነሣል እንጂ። ክላውድም እንዲሁ ነው፤ ተጠቃሚ ሲበዛ የኮምፒውተሩን አቅም ይጨምራል፣ ሲቀንስ ይመልሳል፤ ሒሳቡም በዚያው ልክ ነው።

ሁለተኛው ቅጂን በተለያየ ቦታ ማኖር ነው። በቤተ አምሐራ የነበረችው መካነ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1531 ተዘርፋ ስትቃጠል በአንድ ቦታ ብቻ ተከማችቶ የነበረ ብዙ ሀብት አብሮ ጠፋ። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1973 መንበረ ፓትርያርኩ ከአሜሪካ ተቋማት ጋር በጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ ከ9,000 በላይ የብራና መጻሕፍት ተቀድተው ቅጂያቸው በአዲስ አበባና በሚኒሶታ ተቀመጠ። ብራናው ቢጠፋ እንኳ ንባቡ አይጠፋም። የክላውድ ድርጅቶች መረጃን በተራራቁ ሕንጻዎች ውስጥ ደጋግመው የሚያኖሩት በዚሁ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው የጋራ ኃላፊነት ነው። ቤት የሚያከራይ ሰው ግድግዳውንና ጣሪያውን ይጠብቃል፤ በሩን ሳይቆልፍ የሄደውን ተከራይ ግን ከሌባ አያድነውም። አከራዩ ድርጅት ሕንጻውን፣ ማሽኑንና የኤሌክትሪክ ኃይሉን ይጠብቃል። የይለፍ ቃሉን፣ ማን ምን እንደሚያይና የትኛው መረጃ ለማን እንደሚከፈት የሚጠብቀው ግን ተከራዩ ነው። ቄሰ ገበዙ የንዋየ ቅድሳቱን ዕቃ ቤት ቁልፍ ይይዛሉ፤ ገንዘብ ያዡ የገንዘቡን ሣጥን ይይዛል፤ ሙዳየ ምጽዋቱም በአንድ ሰው ብቻ አይከፈትም። ለእያንዳንዱ ለሥራው የሚበቃውን ሥልጣን ብቻ መስጠት ከክላውድ ደኅንነት መሠረቶች አንዱ ነው። ይህን ሥርዓት ካህናቶቻችን አስቀድመው ያውቁታል።

፪. ፈተናው ምን ይመስላል?

ፈተናዎቹ ብዙ ናቸው፤ ደረጃም አላቸው። አማዞን መግቢያ፣ መካከለኛና ከፍተኛ ደረጃ ፈተናዎች አሉት። ከፍተኛው ለረዥም ጊዜ በሥራው ላይ ለቆየ ባለሙያ የተዘጋጀ፣ 75 ጥያቄዎች በ180 ደቂቃ የሚመለሱበትና 300 ዶላር የሚከፈልበት ነው። ጀማሪ ወጣት ከዚህ ቢነሣ ጾመ ድጓን ሳይማር አቋቋም ቤት እንደ ገባ ይሆናል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምናተኩረው «ክላውድ ፕራክቲሽነር» በተባለው የመግቢያ ፈተና ላይ ነው።

ይህ ፈተና 65 ጥያቄዎች አሉት፤ የሚሰጠው ጊዜ 90 ደቂቃ፣ ዋጋው 100 ዶላር ነው። ነጥቡ ከ100 እስከ 1000 ባለው ልኬት ይሰላል፤ ለማለፍ 700 ያስፈልጋል። ከ65ቱ ጥያቄዎች 15ቱ ለሙከራ የገቡ ናቸው፤ ነጥብ አይያዝባቸውም፤ የትኞቹ እንደ ሆኑ ግን ተፈታኙ አያውቅም። የተሳሳተ መልስ ነጥብ ስለማያስቀንስ ጥያቄን ባዶ መተው ጥቅም የለውም። ይዘቱ በአራት ይከፈላል፦ የክላውድ ጽንሰ ሐሳብ 24 በመቶ፣ ደኅንነትና ሕግን ማክበር 30 በመቶ፣ ቴክኖሎጂውና አገልግሎቶቹ 34 በመቶ፣ የሒሳብና የዋጋ ጉዳይ 12 በመቶ። ያለፈ ሰው ምስክሩ ለ3 ዓመት ይጸናለታል፤ ለቀጣዩ ፈተናም የግማሽ ዋጋ ቅናሽ ያገኛል። የወደቀ 14 ቀን ጠብቆ፣ ዳግመኛ ከፍሎ ይፈተናል።

ብዙዎች የማያውቁት አንድ ነገር አለ። ፈተናውን በእንግሊዝኛ የሚወስድና እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋው ያልሆነ ተፈታኝ 30 ደቂቃ ተጨማሪ ጊዜ መጠየቅ ይችላል። ጥያቄው የሚቀርበው ግን ለፈተናው ቀን ከመያዙ በፊት ነው። በ90 ደቂቃ ለአንድ ጥያቄ 83 ሰከንድ ያህል ይደርሳል፤ በ120 ደቂቃ 111 ሰከንድ ያህል ይሆናል። ዐረፍተ ነገሩን ሁለት ጊዜ ማንበብ ለሚያስፈልገው ሰው ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

፫. እኛ ካየነው

ከጥቂት ጊዜ በፊት በመካነ ሰላም አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋይ ለዚህ ፈተና እንዲዘጋጅ ረዳን። ሰበካ ጉባኤው የዋጋውን ግማሽ ቻለ፤ ግማሹን እኛ ከባልደረቦቻችን አሰባስበን ሸፈንን። ወጣቱ ትጉ ነበር፤ የአገልግሎቶቹን ስም እንደ ዳዊት በቃሉ ወጣ። እኛም ትጋቱን አይተን ይበቃዋል አልን፤ በዚህ ተሳሳትን። ነጥቡ 668 ሆነ፤ 32 ነጥብ ጎደለው። የውጤት ወረቀቱን ስናየው የደከመው በደኅንነትና በዋጋ ክፍሎች ነበር። ስም አጥንቷል እንጂ የትኛው አገልግሎት ለየትኛው ችግር እንደሚሆን አልመረመረም። ተጨማሪውን 30 ደቂቃም አልጠየቀም፤ እኛም ያን ጊዜ አናውቀውም ነበር።

በሰበካ ጉባኤው ስብሰባ ላይ «የመቅደሱ ጣሪያ እያፈሰሰ ገንዘባችን በደመና ላይ ተበተነ» ያሉ አባት ነበሩ። ቃሉ አሳቀን፤ ነገር ግን እውነት ነበረበት። ጉባኤው ገንዘቡን ሲሰጥ ተፈታኙ ቢወድቅ ምን እንደሚደረግ አልተነጋገረም ነበር፤ እኛም አላስታወስነውም። ግንብ ሊሠራ የሚወድድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሣራውን እንዲቆጥር ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ያስተማረውን ለሌላው እንሰብካለን፤ በዚህ ጉዳይ ግን ለራሳችን አልሠራንበትም።

ከባዱ ፈተና የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አንድ ሰው ለወጣቱ ከእውነተኛው ፈተና የተሰረቁ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው የተሰበሰቡበትን ፋይል በጥቂት ብር ሊሸጥለት መጣ። ወጣቱ መጥቶ ጠየቀን፦ «ሁሉም በዚህ ነው የሚያልፈው ይላሉ፤ የሰበካ ጉባኤውን ገንዘብ ሁለተኛ ከማባክን ይህን ብወስድ ኃጢአት ነውን?» ጥያቄው ከልብ ነበርና ከልብ መለስንለት። ተፈታኝ ሁሉ ከፈተናው በፊት ጥያቄዎቹን እንደማያወጣና እንዲህ ባለ ነገር እንደማይጠቀም ተስማምቶ ይፈርማል። ሲደረስበት ውጤቱ ይሰረዛል፤ ከፈተናም ሊታገድ ይችላል። ከዚህ የሚበልጠው ግን ሌላ ነው። በመምህሩ ፊት መጽሐፉን ዘግቶ ያልቀጸለ ተማሪ አስመሰከረ አይባልም። ምስክር ወረቀቱን የሚያምን ቀጣሪ ነገ የሰዎችን መረጃ በእጁ ያኖራል፤ በሐሰት የተገኘ ምስክር የሚጎዳው እነዚያን ሰዎች ነው።

ወጣቱ ፋይሉን ሳይገዛ ተመለሰ። ሁለት ወር ደክሞ በነበረባቸው ክፍሎች ላይ ሠራ፤ ተጨማሪ ጊዜውንም ጠይቆ 731 አገኘ። ወዲያው ትልቅ ደመወዝ አገኘ ብለን ግን አንዋሽም፤ ምስክር ወረቀት በር ያንኳኳል እንጂ በር አይከፍትም። ያገኘው የመጀመሪያ ሥራ የአጥቢያውን የምእመናን መዝገብና የቅርስ ዝርዝር በሥርዓት ማደራጀት ነበር። አሁን ይህን ሥራውን ለቀጣሪዎች ያሳያል።

፬. የዐሥር ሳምንት መርሐ ግብር

ከዚህ ልምድ ተነሥተን በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን አንድ ሰዓት ተኩል የሚሠራበት መርሐ ግብር አዘጋጅተናል። በ1ኛውና በ2ኛው ሳምንት ጽንሰ ሐሳቡ ይጠናል። ከ3ኛው እስከ 5ኛው ሳምንት አገልግሎቶቹ ይጠናሉ፤ ለእያንዳንዱ አገልግሎት «ይህ የማንን ችግር ይፈታል?» የሚል ጥያቄ በአማርኛ ተጽፎ ይመለስ። 6ኛውና 7ኛው ሳምንት ለደኅንነት፣ 8ኛው ለዋጋ ነው። በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ሰዓት ተይዞ የልምምድ ፈተና ይሠራል፤ የተሳሳተ መልስ ሁሉ ምክንያቱ ይጻፋል። ድርጅቱ ራሱ ያለ ክፍያ የሚሰጠው ትምህርትና የናሙና ጥያቄ ለዚህ ደረጃ ጥሩ መነሻ ነው።

የአካባቢያችንን ችግር አስቀድሞ ማሰብም ይገባል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልላችን የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ለረዥም ወራት ተቋርጦ እንደ ነበር ሁላችን እናስታውሳለን። ስለዚህ መስመር ባለበት ቀን የፈተናውን መመሪያና የትምህርቱን ጽሑፍ አውርዶ ማተም ያስፈልጋል። ፈተናውን ከቤት ሆኖ መውሰድ ይፈቀዳል፤ ነገር ግን ካሜራ ተከፍቶ፣ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው ሳይገባ፣ መስመሩ ሳይቋረጥ መፈጸም አለበት። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ይህን መሞከር አደጋ ነው፤ ወደ ፈተና ጣቢያ መሄድን እንመርጣለን። መካነ ሰላም ከደሴ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለችና አዲስ አበባ ለሚፈተን ወጣት የመንገድና የማደሪያ ወጪ በበጀቱ ይግባ። በምዝገባው ላይ የሚሞላው ስምም በመታወቂያው ላይ በላቲን ፊደል ከተጻፈው ጋር ፊደል በፊደል ይስማማ፤ የአባትና የአያት ስም ቦታ ተለዋውጦ ከፈተና በር መመለስ አለ።

ለልምምድ አካውንት የሚከፍት ሁሉ የክፍያ ካርድ እንደሚጠየቅና ከፍቶ የረሳው አገልግሎት በዶላር ሊያስከፍል እንደሚችል ይወቅ። አካውንቱ በተከፈተ ቀን ሁለት ነገር ይደረግ፦ ከይለፍ ቃሉ በተጨማሪ ሁለተኛ ማረጋገጫ፣ እንዲሁም ወጪ ሲጀምር የሚያስጠነቅቅ የበጀት ምልክት።

፭. ሰበካ ጉባኤው ምን ያድርግ?

አንደኛ፣ ገንዘቡ በዶላር ይታቀድ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የምንዛሪ ዋጋ በገበያ ስለሚወሰን በመስከረም የተያዘ ብር በጥር ላይበቃ ይችላል። ሁለተኛ፣ ቢወድቅ ለሁለተኛ ጊዜ ማን እንደሚከፍል አስቀድሞ በቃለ ጉባኤ ይጻፍ። ሦስተኛ፣ ክፍያው የሚፈጸመው ወጣቱ በልምምድ ፈተና ተደጋጋሚ ጥሩ ውጤት ካሳየ በኋላ ይሁን። አራተኛ፣ ወጣቱ ካለፈ በኋላ ለአጥቢያው የሚሰጠው አገልግሎት ተለክቶ ይወሰን፤ ዕዳ ሆኖ ወጣቱን እንዳያስር ጥንቃቄ ይደረግ።

አምስተኛውና ልናሳስብ የምንወደው ስለ መረጃ ነው። የምእመናን የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብ የግል መረጃ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በሥራ ላይ ነው፤ መረጃን ወደ ውጭ አገር ማስተላለፍንም በሁኔታ ይገድባል። በአፍሪካ ያለው ዋናው የአማዞን የሰርቨር ማዕከል በደቡብ አፍሪካ ኬፕ ታውን እንደ መሆኑ፣ ወጣቱ ለልምምድ ብሎ የአጥቢያውን መዝገብ መጫን የለበትም። የንዋየ ቅድሳት ፎቶግራፍና የሚቀመጡበት ቦታም ያለ ሀገረ ስብከቱ ፈቃድ አይጫን። ለልምምድ የፈጠራ ስም በቂ ነው።

የውይይት ጥያቄዎች

1. በአጥቢያችን የሰነድ ቅጂ በሌላ ቦታ አለን? ዛሬ እሳት ቢነሣ ምን እናጣለን?
2. በአጥቢያችን አንድ ሰው ብቻ የያዘው ቁልፍ፣ የይለፍ ቃል ወይም መዝገብ አለ?
3. አንድ ወጣት ወድቆ ቢመለስ ጉባኤያችን ምን ይለዋል?
4. የተሰረቀ ጥያቄ ስለ መግዛት ልጆቻችን ቢጠይቁን፣ የንስሐ አባቶች ምን ብለን እንመልሳለን?

እነዚህን ጥያቄዎች በሚቀጥለው ወርኃዊ ስብሰባችሁ አንሥታችሁ የደረሳችሁበትን በቃለ ጉባኤ ጻፉ። ጣሪያው ያፈስሳል ያሉት አባት አልተሳሳቱም፤ ጣሪያውም ይጠገን። ነገር ግን ተምሮ ተመልሶ ያለ ሥራ የተቀመጠ ልጅም የዚያው ቤት ምሰሶ ነው፤ ወጪውን ቆጥረን በእውነት ብንረዳው ቤቱን ይሸከማል።