ሳይቃጠል በቅጠል፦ ክፍት ምንጭ ሥርዓተ ክወናን መምረጥና መንከባከብ

መግቢያ

ከአራት ኪሎው የሳይንስ ግቢ ወጥቶ፣ የራስ መኮንንን ድልድይ ተሻግሮ ወደ ፒያሳ የሚያቀና ተማሪ ለብዙ ዓመታት በአንድ መንገድ ሁለት ጉዳዮችን ሲፈጽም ኖሯል፤ ጽሑፉን ያሳትማል፣ ኮምፒዩተሩንም ያሠራል። ኮምፒዩተር “ታመመ” ሲባል መድኃኒቱ አንድና የታወቀ ነበር፤ ፎርማት ተደርጎ ዊንዶውስ እንደገና ይጫንበታል። በ2016 ዓ.ም. በተካሄደው የኮሪደር ልማት ሥራ ከፒያሳ ነባር ቤቶችና ሱቆች ብዙዎቹ ሲነሡ፣ በውስጣቸው ይሠሩ የነበሩትም ወደ ሌላ ሰፈር ተዛወሩ።

ባለፈው ዓመት አንድ የ4ኛ ዓመት ተማሪያችን የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያስረክብ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ላፕቶፑን ይዞ መጣ። ማሽኑ ይበራል እንጂ ሥራ አይጀምርም። ማን እንደጫነለት ብንጠይቀው፣ “ፒያሳ ነው ያስጫንኩት፣ መምህር፤ ሱቁ ግን አሁን የለም” ሲል መለሰልን። የመጫኛ ፍላሽ የለውም፤ መጠባበቂያ ቅጂ የለውም፤ በማሽኑ ላይ ምን እንደተጫነም አያውቅም። ስለዚህ ችግሩ የማሽኑ መበላሸት ብቻ አልነበረም፤ ስለ ማሽኑ ሊኖረው የሚገባው ዕውቀት ሁሉ በሌላ ሰው እጅ መቅረቱ ነበር።

በዚህ ጽሑፍ ለግል ኮምፒዩተር የሚሆን ክፍት ምንጭ ሥርዓተ ክወና (ኦፐሬቲንግ ሲስተም) እንዴት እንደሚመረጥና እንዴት እንደሚጠበቅ እንመለከታለን። ዋና ሐሳባችን አጭር ነው። የሚመረጠው ሥርዓት እጅግ አዲስ ወይም እጅግ ያማረ የሆነው ሳይሆን፣ ባለቤቱ ራሱ ለዓመታት ሊንከባከበው የሚችለው ነው።

“ክፍት ምንጭ” ማለት ምን ማለት ነው?

ሥርዓተ ክወና የኮምፒዩተሩን ፕሮሰሰር፣ ሚሞሪና ዲስክ ለተለያዩ ፕሮግራሞች የሚያከፋፍል መሠረታዊ ሶፍትዌር ነው። ክፍት ምንጭ የሚባለው ደግሞ የተጻፈበት ኮድ ለማንም ግልጽ ሲሆን፣ ተጠቃሚውም የማንበብ፣ የማሻሻል፣ የመቅዳትና ለሌላ የማካፈል መብት በፈቃዱ ሰነድ ሲሰጠው ነው። ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1983 የግኑን ፕሮጀክት ይፋ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1991 ደግሞ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊነስ ቶርቫልድስ ሊኑክስ የተባለውን የሥርዓቱን እምብርት ለቀቀ። ይህ እምብርት ከሌሎች ፕሮግራሞች ጋር ተጣምሮ ለተጠቃሚው ሲቀርብ “ስርጭት” ይባላል። ደቢያን፣ ኡቡንቱና ሊኑክስ ሚንት የታወቁ ስርጭቶች ናቸው። ኡቡንቱ እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2011 ድረስ የመጫኛ ሲዲዎችን ለሚጠይቀው ሁሉ በፖስታ በነጻ ይልክ ነበር። ኢንተርኔት ውድና ዘገምተኛ በነበረበት በዚያ ዘመን ይህ ለእኛ አገር ተማሪ ትልቅ በር ከፋች ነበር።

ጉዳዩ ዛሬ ለምን ያስቸኩላል? ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ነጻ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ተከታዩ ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍልንና በአመዛኙ እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ የወጡ ፕሮሰሰሮችን ይጠይቃል። በመሆኑም በእጃችን ካሉት ያገለገሉ ላፕቶፖች ብዙዎቹ በደንብ እየሠሩ ሳለ ከጥበቃ ውጭ ሆነዋል።

የድጋፍ ማብቃት በተግባር ምን እንደሚያስከትል ለመረዳት እ.ኤ.አ. ግንቦት 2017 ከ150 በሚበልጡ አገሮች የተሰራጨውን “ዋናክራይ” የተባለ ጥቃት ማስታወስ ይበቃል። ጥቃቱ የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነው ማሻሻያ ከሁለት ወር ቀደም ብሎ ወጥቶ ነበር። ከተጎዱት ብዙዎቹ ግን ማሻሻያውን ያልጫኑ ነበሩ።

አማርኛችንና ሊኑክስ

የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የዩኒኮድ 3.0 እትም 345 ምልክቶችን ይዞ ገባ። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የራሱ የአቆጣጠር ኮድ ስለነበረው፣ በአንዱ የተጻፈ ሰነድ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ክምር ይሆን ነበር። የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ለሊኑክስ የአማርኛ የቋንቋና የአካባቢ መረጃን በማዘጋጀት የቆየ አስተዋጽኦ አድርጓል። አቢሲኒካ ኤስ.አይ.ኤልና ኖቶ የተባሉት ነጻ የፊደል ቅርጾችም በቀላሉ ይገኛሉ። ለመጻፍም “አይባስ” በተባለው የማስገቢያ ፕሮግራም አማካኝነት ድምፁን በላቲን ፊደል እየመቱ አማርኛ ማውጣት ይቻላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ የቀድሞ እትሞች የተጻፉ ሰነዶች ያሉት ሰው ዊንዶውሱን ከማጥፋቱ በፊት ሰነዶቹን ወደ ዩኒኮድ ይለውጥ። በኋላ መለወጥ ባይሳንም አድካሚ ነው።

ለመምረጥ የሚረዱ አራት ጥያቄዎች

1ኛ. የድጋፍ ዘመኑ እስከ መቼ ነው? ኡቡንቱ ጥንድ ቁጥር ባለው የአውሮፓውያን ዓመት በሚያዝያ (ኤፕሪል) ወር ረጅም ድጋፍ ያለው እትም ያወጣል፤ መደበኛ ድጋፉም 5 ዓመት ነው። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2024 ሚያዝያ የወጣው 24.04 እስከ 2029 ይጠበቃል። በመካከል የሚወጡት እትሞች ግን የሚደገፉት ለ9 ወራት ብቻ ነው። ደቢያን ለአንድ የተረጋጋ እትም 3 ዓመት ሙሉ ድጋፍና 2 ዓመት ተጨማሪ የደኅንነት ድጋፍ ይሰጣል። የ9 ወሩን እትም የጫነ ተማሪ በየሴሚስተሩ ማለት ይቻላል ትልቅ ሽግግር ይጠብቀዋል። ስለዚህ ለተማሪ የሚመከረው ረጅም ድጋፍ ያለው ብቻ ነው።

2ኛ. የማሽኑ አቅም ምን ያህል ነው? 4 ጊጋባይት ሚሞሪ ላለው አሮጌ ላፕቶፕ ኤክስኤፍሲኢ የተባለውን ቀላል ገጽታ የያዘ ሊኑክስ ሚንት ወይም ደቢያን ይስማማዋል። 8 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ ከሆነ የትኛውም ይሠራል። የብዙ አሮጌ ማሽኖች ዝግመት ግን ከሥርዓቱ ሳይሆን ከዲስኩ ይመነጫል። በደቂቃ 5400 ጊዜ የሚዞር ዲስክ በሴኮንድ 90 ጊዜ ይዞራል፤ አንዱ ዙር 11 ሚሊሴኮንድ ያህል ይፈጃል። የተፈለገው መረጃ በአማካይ ግማሽ ዙር ስለሚርቅ 5.6 ሚሊሴኮንድ ለመጠበቅ ብቻ ይጠፋል፤ የማንበቢያው ክንድ የሚንቀሳቀስበት ጊዜ ሲጨመር መዘግየቱ ከ10 ሚሊሴኮንድ ያልፋል። የሚዞር አካል የሌለው ኤስኤስዲ ግን በ0.1 ሚሊሴኮንድ አካባቢ መልስ ይሰጣል። ልዩነቱ መቶ እጥፍ ያህል ነው። ስለሆነም አዲስ ላፕቶፕ ከመግዛት በፊት ዲስክ መቀየር ይታሰብበት።

3ኛ. ለሥራው የግድ የሚያስፈልገው ፕሮግራም ይገኛል? ለፓይተን፣ ለኦክታቭ፣ ለላቴክና ለመሳሰሉት የሳይንስ መሣሪያዎች ሊኑክስ ምቹ ቤት ነው። በሌላ በኩል ኦቶካድና ማይክሮሶፍት ኦፊስ ለሊኑክስ አልተዘጋጁም። ሊብረኦፊስ የዎርድ ሰነዶችን ቢከፍትም የገጽ አቀማመጥ ሊዛባ ይችላል። ለኅትመት የሚሰጥ ሰነድ ወደ ፒዲኤፍ ተለውጦ መሄዱ የሚበጀው ለዚህ ነው። የዲዛይን ትምህርት የሚከታተልና ኦቶካድ ግዴታው የሆነ ተማሪ ዊንዶውስን ጨርሶ ባያጠፋ ይሻለዋል።

4ኛ. በአቅራቢያ የሚያውቀው ሰው አለ? ሁለት ስርጭቶች ተቀራራቢ ከሆኑ የዶርም ጓደኛ ወይም የክፍል ጓደኛ የሚጠቀምበትን መምረጥ ብልህነት ነው። ማሻሻያውም ምክሩም በጋራ ይገኛል።

ከመጫን በፊት

“የቸኮለች አፍሳ ለቀመች” እንዲሉ፣ በዚህ ደረጃ መቻኮል ፋይልን ያስከፍላል። በመጀመሪያ የግል ፋይሎች ሁሉ ወደ ሌላ ዲስክ ይገልበጡ። ቀጥሎ የመጫኛውን ቅጂ ትክክለኛነት ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ጥቂት ጊጋባይት የሚመዝነውን ቅጂ እንደገና ከማውረድ ከጓደኛ በፍላሽ መቀበል የተለመደ ነው፤ ነውርም የለበትም፤ ፈቃዱም ይህን ይደግፋል። ሆኖም ቅጂው በመንገድ ላይ አለመበላሸቱንና አለመለወጡን የምናውቀው ኤስኤችኤ-256 በተባለው ስሌት ነው። ስሌቱ ከፋይሉ 64 ምልክቶች ያሉት “የጣት አሻራ” ያወጣል። ከፋይሉ አንዲት ቢት ብትለወጥ አሻራው ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። የስርጭቱ አዘጋጆች ትክክለኛውን አሻራ በይፋዊ ገጻቸው ላይ ያወጣሉ። እሱን በስልክ ለማየት የሚያስፈልገው ዳታ ጥቂት ኪሎባይት ነው።

ከዚያም ሥርዓቱን በ8 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ አዘጋጅቶ ሳይጭኑ መሞከር ይቻላል። ማሽኑ ከፍላሹ ይነሣል፤ ዲስኩ አይነካም። ዋይፋዩ፣ ድምፁ፣ የስክሪኑ ብርሃንና የአማርኛ አጻጻፉ የሚፈተሸው በዚህ ጊዜ ነው። በሚጫንበት ወቅት ደግሞ ለግል ፋይሎች የተለየ ክፍልፋይ ቢዘጋጅ፣ ወደፊት ሥርዓቱን እንደገና መጫን ቢያስፈልግ ፋይሎቹ ባሉበት ይቆያሉ። ክፍልፋዩ ግን በኋላ እንደምናየው መጠባበቂያ ቅጂን አይተካም።

እንክብካቤ

መጫን የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ መንከባከብ ግን የየሳምንቱ ነው። ልማድ ሊሆኑ የሚገባቸው የሚከተሉት ናቸው።

ማሻሻያ፦ ዳታ ውድ ለሆነበት ሰው ራስ-ሰር ማውረዱን አቁሞ፣ በሳምንት አንድ ቀን ዋይፋይ በሚገኝበት ቦታ ማሻሻል ይሻላል። ጊዜና ዳታ ካነሰ የደኅንነት ማሻሻያዎች ይቅደሙ። ከማሻሻያ በኋላ ማሽኑ አልነሣም ቢል መደናገጥ አያስፈልግም፤ ሲነሣ በሚታየው ዝርዝር ውስጥ የቀድሞው የሊኑክስ እምብርት ስለሚገኝ እሱን መምረጥ ይቻላል።

መብራት፦ በማሻሻያ መካከል መብራት ቢጠፋና ባትሪው የሞተ ቢሆን ሥርዓቱ በግማሽ ሊቀር ይችላል። ኢኤክስቲ 4 የተባለው የተለመደው የሊኑክስ ፋይል አደረጃጀት በዲስኩ መዋቅር ላይ የሚያደርገውን ለውጥ አስቀድሞ በመዝገብ ይይዛል። ነጋዴ ዕቃ ከማንቀሳቀሱ በፊት በዕለት መዝገቡ እንደሚያሰፍር ማለት ነው። መብራት ሲመለስ መዝገቡን አንብቦ መዋቅሩን ያስተካክላል። ነገር ግን ያልተቀመጠውን አንቀጽ አይመልስም። ስለዚህ ባትሪው ሳይሞላ ትልቅ ማሻሻያ አይጀመር።

ፍላሽ ዲስክ፦ ከማተሚያ ቤት የሚመለስ ፍላሽ ብዙ ጊዜ ቫይረስ ይዞ ይመጣል። ለዊንዶውስ የተጻፈ ቫይረስ በሊኑክስ ላይ በተለመደው ሁኔታ አይሠራም፤ ነገር ግን ፍላሹ ወደ ጓደኛ ዊንዶውስ ሊያሻግረው ይችላል። ሊኑክስ የያዘ ሰው ፍላሹን የማጽዳት ኃላፊነት አለበት እንጂ “እኔን አይነካኝም” ሊል አይገባም።

መጠባበቂያ ቅጂ፦ በሊኑክስ ሚንት የሚገኘው “ታይምሺፍት” የሥርዓቱን የቀድሞ ሁኔታ ያስቀምጣል፤ የግል ፋይሎችን ግን በመደበኛ አሠራሩ አያካትትም። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የመጠባበቂያን ጥቅም በቀላል ስሌት እንየው። አንድ ዲስክ በዓመት ውስጥ የመበላሸት ዕድሉ 0.05 ነው ብለን እናስብ። አንዱ የሌላው ጥገኛ ያልሆኑ ሁለት ዲስኮች ቢኖሩ፣ ሁለቱም የመበላሸት ዕድላቸው 0.05 × 0.05 = 0.0025፣ ማለትም ከ400 አንድ ይሆናል። ቁልፉ “ጥገኛ ያልሆኑ” የሚለው ነው። ላፕቶፑና ቅጂውን የያዘው ፍላሽ በአንድ ቦርሳ ከተቀመጡ፣ ቦርሳው ሲሰረቅ ስሌቱም አብሮ ይሰረቃል።

ይህን የምንለው ከተመክሮ ነው። በውጭ አገር ለዶክትሬት ስንማር የስድስት ሳምንት የላቦራቶሪ ልኬት አጥተናል። ቅጂ አልነበረንም ማለት አይደለም፤ ነበረን። ግን ለሁለት በተከፈለ አንድ ዲስክ ላይ ነበር። ዲስኩ ሲሞት ዋናውም ቅጂውም አብረው ሞቱ። በፊዚክስ ክፍል የጥገኝነትን ትርጉም እናውቅ ነበር፤ በጠረጴዛችን ላይ ግን አልተገበርነውም።

ማጠቃለያ

የተማሪያችን ታሪክ በደኅና ተጠናቀቀ። ማሽኑን ከሊኑክስ ፍላሽ ስናስነሣው ዲስኩ በሕይወት ነበር፤ የተበላሸው ሥርዓቱ ብቻ ነበር። የመመረቂያ ጽሑፉንና የልኬት ሠንጠረዦቹን ወደ ውጭ ዲስክ ገለበጥን። በመቀጠል ሊኑክስ ሚንት ተጫነ፤ የጫነው ግን እሱ ራሱ ነው፤ እኛ አጠገቡ ተቀምጠን ተመለከትን። ጽሑፉንም በቀኑ አስረከበ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እንዲይዝ የጠየቅነው አንድ ነገር ነው፤ የማሽኑን ማስታወሻ ደብተር። የላቦራቶሪ ደብተር እንደምንይዝ ሁሉ፣ የትኛው እትም መቼ እንደተጫነ፣ ድጋፉ መቼ እንደሚያበቃ፣ ምን እንደተለወጠና የመጨረሻው መጠባበቂያ ቅጂ የት እንዳለ በቀን በቀኑ ይጻፍበታል። አንባቢም ዛሬውኑ የመጀመሪያውን ገጽ ቢጽፍ እንመክራለን። ከአራቱ ነጥቦች መልስ ያልተገኘለት ካለ፣ የእንክብካቤው ሥራ የሚጀመረው ከዚያ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው። ሱቅ ይዛወራል፣ ሰፈር ይለወጣል፣ የድጋፍ ዘመንም ያልፋል፤ በባለቤቱ እጅ የተያዘ ዕውቀት ግን ከባለቤቱ ጋር ይሄዳል።