በቡና አገር ለምታስተምሪ ልጄ

ልጄ፣ ከመምህራን ኮሌጅ ተመርቀሽ ጅማ ውስጥ ጎማ ወረዳ መመደብሽን ስሰማ ደስ አለኝ። አጋሮም ይድረስሽ በሻሻ፣ ወይ ደግሞ ነገ ወደ ጌራና ሊሙ ያዛውሩሽ፣ የሚጠብቅሽ ክፍል ያው ነው፤ በአንድ ዴስክ አራት ልጅ፣ ለአራቱ አንድ መጽሐፍ፣ አልፎ አልፎም ከነጭራሹ የለም። የጠየቅሽኝ አንድ ነገር ነው፤ «ሰማንያ ልጅ እንዴት አድርጌ ጸጥ ላሰኝ?» አልሽ። በጡረታ እስክገለል ጠመኔ ይዤ የቆየሁ ሰው ነኝና የማምንበትን ልንገርሽ። ልጅ የሚሠራው ነገር ካለውና ሥራው ከአቅሙ ካልራቀ፣ ክፍሉ ይረጋጋል። እኛ የዲስፕሊን ጉድለት የምንለው አብዛኛው ነገር ትምህርቱ ያልገባው ልጅ የሚያሳየው ምልክት ነው። ምክሮቼ ሁሉ ከዚህ ይነሣሉ።

1. በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ማን ማንበብ እንደሚችል እወቂ። ከሁሉም በላይ አደራ የምልሽ ይህን ነው። ስም መጥሪያሽን ያዢ፤ ሌሎቹ ሲጽፉ አንድ አንዱን ወደ ጠረጴዛሽ እየጠራሽ ሦስት መስመር አስነብቢ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያንብብልሽ፤ ጓደኞቹ እንዳይሰሙት። የሚያነብ፣ እየተንተባተበ የሚያነብ፣ ፊደሉን የማይለይ ብለሽ በሦስት ምልክት መዝግቢ። በ2002 ዓ.ም. በበርካታ ክልሎች በተደረገ የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ያለፈተና ማለፍ በ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ የተፈቀደው ተከታታይ ምዘና ይኖራል፣ የደከመውም ይደገፋል ተብሎ ነበር። ማለፉ ሲቀጥል ድጋፉ ቀረ። ስለዚህ አምስተኛ ክፍል ውስጥ የአፋን ኦሮሞውን ፊደል፣ ቁቤን፣ የማይለይ ልጅ ብታገኚ አትደንግጪ፤ እሱን ያመጣው የአንድ ዓመት ስንፍና አይደለም።

ያ ልጅ የት እንደሚቀመጥ ታውቂያለሽ። ከኋላ ነው። እስክሪብቶ ጠፋብኝ ይላል፣ የጎረቤቱን ደብተር ይስባል፣ በየደቂቃው ልውጣ ይላል። ረባሽ መባል ለእሱ መሸሸጊያ ነው፤ ማንበብ አይችልም ከመባል ረባሽ መባልን ይመርጣል። አንዱን ረባሽ ከመቅጣትሽ በፊት ዝርዝርሽ ላይ ምልክቱን ተመልከቺ። ከዚያ በየቀኑ ሩብ ሰዓት ለእነዚህ ልጆች ስጪ። ካርቶን ቆርጠሽ ፊደል ጻፊበት፣ ቃል አሠሪያቸው። በፈረቃ የምትማሩ ከሆነ በሁለቱ ፈረቃዎች መካከል ያለችው ጊዜ ለዚህ ትሆናለች።

2. ዱላ አትያዢ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት አካላቸውን ከሚጎዳ ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ደንግጓል። ሆኖም «ያንግ ላይቭስ» የተባለው የረጅም ጊዜ ጥናት በኢትዮጵያ ካነጋገራቸው የስምንት ዓመት ልጆች 38 በመቶው ባለፈው ሳምንት በመምህር ተመትተናል ብለዋል። ሕጉን ብቻ አልጠቅስልሽም። ዱላ ክፍሉን ለአምስት ደቂቃ ዝም ያሰኘዋል፤ በእነዚያ አምስት ደቂቃዎች ግን ማንም ልጅ እጁን አውጥቶ አልገባኝም አይልም። ያልገባውን የማይነግርሽን ልጅ ምን ብለሽ ታስተምሪዋለሽ? ማንበርከክም፣ ፀሐይ ላይ ማቆምም ያው ነው፤ በዚያ ላይ ልጁ ካጣው ትምህርት ሌላ ተጨማሪ ትምህርት ያሳጣዋል።

ወላጅ ራሱ ትምህርት ቤት መጥቶ «ምቺልኝ» የሚልበት ቀን ይመጣል። አክብረሽ አስቀምጫቸው፤ ከዚያም «ማታ ማታ ደብተሩን እዩልኝ፣ ማንበብ ባትችሉ እንኳ ገልጦ ያሳያችሁ» በያቸው። አባት ደብተሩን እንደሚያይ ያወቀ ልጅ ባዶ ደብተር ይዞ መግባት ያፍራል።

ሕግሽ ሦስት ይሁን፣ ከዚያ አይብዛ፤ ከልጆቹ ጋር አውጥታችሁ ግድግዳው ላይ ለጥፉት። ያፈረሰ ያፈረሰውን ይጠግን፤ ቀለም የደፋ ይጥረግ፣ ደብተር የቀደደ በራሱ ደብተር ገልብጦ ይስጥ። መገሠጽ ሲኖርብሽ ክፍሉ ከወጣ በኋላ ብቻውን አነጋግሪው፤ በጓደኞቹ ፊት የተዋረደ ልጅ ክብሩን ለማስመለስ ይጣላሻል። ለትንሹም ለትልቁም ጥፋት ልጁን ሥነ ሥርዓት ወደሚከታተለው ዩኒት ሊደር አትላኪው። ለሌላ ያስረከብሽው ሥልጣን ወደ አንቺ አይመለስም።

3. የክፍለ ጊዜውን አርባ ደቂቃ አስልተሽ ተጠቀሚ። ሰማንያ ልጅ ካለሽ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ግማሽ ደቂቃ ነው። መጽሐፍ የለም ተብሎ ሙሉውን ክፍለ ጊዜ ሰሌዳ ላይ ኖት መጻፍ ማስተማር አይደለም፤ አንቺ ጀርባሽን ስታዞሪ ክፍሉም ጀርባውን ያዞርብሻል። ከመግባታቸው በፊት አንድ ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ይጠብቃቸው፤ እየገቡ ይሥሩት። ከዚያ አጭር ማስረዳት፣ ከዚያ ሥራ። ስም ጥሪውን ሲሠሩ እያየሽ ጨርሺው።

«ገባችሁ?» ብለሽ አትጠይቂ። ሰማንያው በአንድ ድምፅ «ኤዬ፣ ባርሲስቱ!» ይልሻል፤ ጣሪያው ይነቃነቃል፣ የገባቸው ግን አሥሩ ብቻ ይሆናሉ። ጥያቄ ጠይቂ፣ ሁሉም በደብተሩ ጥግ መልሱን ይጻፍ፣ አንቺ በመካከላቸው እያለፍሽ ተመልከቺ። ዘጠነኛ ክፍል ገብተው ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ሲሆንባቸው ደግሞ ጫጫታው ወደ ፍጹም ዝምታ ይለወጣል። ስምንት ዓመት በአፋን ኦሮሞ የተማረ ልጅ በአንድ ክረምት ቋንቋ ሲቀየርበት ዝም ቢል ጨዋ ሆነ አትበይ። ወደዚያ ክፍል ከተመደብሽ በሚያውቀው ቋንቋ አስረጂው፣ ስያሜውን በእንግሊዝኛ አስይዥው፤ ሱፐርቫይዘር ቢቆጣሽም።

4. ልጅ ልጅን ያስተምር። ገንዘብ በሌለበት ማስተማር በዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም። ተማሪዎችሽ ብዙዎቹ ከአንቺ በፊት መድረሳ ገብተዋል፤ ሉህ ይዘው ቁርኣን ሲቀሩ ትልቁ ትንሹን እንዴት እንደሚያስቀራው ያውቁታል። በቄስ ትምህርት ቤትም ሥርዓቱ ይኸው ነበር፤ ዳዊት የደገመው ፊደል የሚቆጥረውን ያስቆጥራል፣ መሪጌታው ከሁሉ በላይ ሆነው ያርማሉ። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር በገጠር ቀበሌ ጎልማሶችን ካስተማሩት ብዙዎቹ ገና ተማሪዎች ነበሩ፤ ዘመቻው በ15 ቋንቋዎች ተካሂዶ በዓለም አቀፍ ደረጃ ተሸልሟል። እኔ የዚያ ዘመን ሰው ነኝ፤ ሰው ያወቀውን ወዲያው ለሌላው ሲያስተምር ራሱ እንዴት እንደሚጠነክር አይቻለሁ።

ልጆችን በአንድ ጎበዝ ዙሪያ የሚያቧድነው «አንድ ለአምስት» የሚባለው አደረጃጀት ስሙ ቢበላሽም ሐሳቡን አትጣይው። የተበላሸው ጎበዙ ሠርቶ ሌሎቹ ሲገለብጡ ነው። አንቺ ጥንድ ጥንድ አድርጊያቸው፣ በየወሩ ቀያይሪ፤ መልሱንም ጎበዙን ሳይሆን የደከመውን ጠይቂ። ውጤቱ በደከመው መልስ የሚለካ ከሆነ ጎበዙ ሳያስረዳ አይተኛም። ሴቶቹን ልጆች ሁልጊዜ ጸሐፊ አድርጎ ማስቀመጥ የተለመደ ነው፤ ተናጋሪም ይሁኑ።

5. ዝናብ ሲመጣ አትጩኺ። የጅማ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የማንም ድምፅ አይሰማም፣ በተለይ የከሰዓት ፈረቃ ላይ። የአፍ ማብራሪያ የማያስፈልገው አንድ ሥራ ሁልጊዜ ተዘጋጅቶ ይጠብቅሽ፤ የማባዛት ሠንጠረዥ፣ ካርታ መሣል፣ ያዩትን ነገር በአምስት ዓረፍተ ነገር መጻፍ።

6. የቡናውን ወቅት ከዕቅድሽ ጋር አስማሚ። ጥቅምት ሲገባ ቡናው ይቀላል፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ክፍልሽ ይሳሳል። ልጆቹ የጠፉት ትምህርት ንቀው አይደለም። ቀይ እሸት ዛፉ ላይ ከቆየ ይደርቃል፣ ይረግፋል፤ እጥበት ጣቢያው ደግሞ የሚቀበለው በዕለቱ የተለቀመውን ነው። ስለዚህ በቤቱ ያለ እጅ ሁሉ ይፈለጋል። የትንሽ ልጅ ጣት የታችኛውን ቅርንጫፍ ከአዋቂው ቀድሞ ይለቅማል፤ ያቺ ገንዘብም ብዙ ጊዜ የራሱ ደብተር መግዣ ናት። ከለቀማ የተመለሰን ልጅ በር ላይ አታስቁሚው፤ ያቆምሽው ልጅ በማግስቱ አይመጣም፤ ከዚያ ወዲያ ለቀማው ቢያልቅም አይመለስ ይሆናል።

ከባዱን አዲስ ትምህርት መስከረም ላይ ጀምሪ፣ በለቀማው ሳምንታት ክለሳና ልምምድ ይብዛ። የቀረውን ልጅ ያመለጠውን በአንድ ገጽ አዘጋጅተሽ ለጥንዱ ስጪው። ይህን ስል ልጅ ትምህርቱን ጥሎ ቡና ይልቀም እያልኩ አይደለም። በወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ ቆመሽ ተከራከሪ፤ ጠዋት ይማር፣ ከሰዓት እንዲሁም ቅዳሜና እሑድ መልቀሙ ይበቃዋል በያቸው። የፈረቃ ለውጥ የሚጠይቁ ቤተሰቦች ካሉ ለርዕሰ መምህሩ አስቀድመሽ አሳውቂ። ገበሬ ሰው ነው፤ ሒሳቡ ከገባው ይሰማሻል።

7. መዋጮውን ገንዘብ ባለበት ወቅት ጠይቁ። ትምህርት ቤቶች መዋጮ የሚጠይቁት በምዝገባ ሰሞን ነው፤ በዚያን ጊዜ ያለፈው ዓመት የቡና ገንዘብ አልቋል፣ አዲሱ አልደረሰም፣ ቤቱ በብድር ላይ ነው። ደብተር ሳትይዝ መጣህ ተብሎ የሚመለሰው ልጅ የዚያ ሰሞን ልጅ ነው። ያንኑ ገንዘብ ታኅሣሥ ወይም ጥር ላይ ብትጠይቁ ያለ ልመና ይሰጣል። የቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራትም አሉ። በ1991 ዓ.ም. የተቋቋመው የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ዩኒየን ከፍትሐዊ ንግድ ከሚያገኘው ተጨማሪ ክፍያ በአባላቱ አካባቢ ትምህርት ቤቶች አሠርቷል፤ መሠረታዊ ማኅበራቱን መጠየቅ እንግዳ ነገር አይደለም። ስትጠይቁ ግን «ትምህርት ቤቱን እርዱልን» አትበሉ። ሃያ ዴስክ፣ ይህን ያህል መጽሐፍ፣ ለሴቶች ልጆች ውሃ ያለው መጸዳጃ ብላችሁ በቁጥር አቅርቡ።

8. ነጥብ በነጻ አትስጪ። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ890 ሺህ በላይ ተማሪዎች ተፈትነው ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ፣ ተሰጥቶ ኩረጃው ሲቆም እውነቱ ታየ። ያ ውድቀት የተጀመረው 12ኛ ክፍል ላይ አልነበረም። እያንዳንዱ ዓመት ላይ ለማያነብ ልጅ ሃምሳ የሰጠ ሰው ነበረ። ስለ ማለፊያ ቁጥር ጫና ይመጣብሻል፤ ያኔ የንባብ መዝገብሽን አሳዪ፤ መስከረም ላይ የት እንደነበሩ፣ አሁን የት እንደደረሱ። ከዚያ የተሻለ መከላከያ የለሽም። ለአንድ ክፍል 50 ተማሪ ብሎ መስፈርት አውጥቶ 80 የሚያስቀምጥ ሥርዓት ጥፋቱን ሁሉ በአንድ መምህርት ትከሻ ላይ እንዲጭን አትፍቀጂለት፤ በስብሰባ ቁጥርሽን እየጠቀስሽ ተናገሪ።

9. ከልጆችሽ ጋር አብረሽ ማለፍን ጠይቂ። ዘንድሮ አራተኛ ክፍል ከሰጡሽ ለመጪው ዓመት አምስተኛን፣ እነዚያኑ ልጆች፣ ስጡኝ በይ። የማንን ንባብ የት እንዳቆምሽ፣ የማን እናት እንደታመመች፣ ማን በለቀማ እንደሚጠፋ የምታውቂ አንቺ ነሽ፤ አዲስ መምህር ይህን ለማወቅ ግማሽ ዓመት ይፈጅበታል። ርዕሰ መምህሩ ያልተለመደ ነው ሊልሽ ይችላል። ጥያቄሽን ሰኔ ላይ በጽሑፍ አስገቢ፣ የንባብ መዝገብሽንም አያይዥ፤ የክፍል ድልድሉ ከወጣ በኋላ የሚሰማሽ አታገኚም።